በሜሪላንድ የተፈጸመ ጋብቻ ማስረጃን ከካውንቲ ፍርድ ቤት አውጥቶ ለአዲስ አበባ ስለማስረጋገጥ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የተጋባነው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን አሁን የምንኖረው ዳላስ ነው። አዲስ አበባ ያፈራነውን ቤት በወኪል ለመሸጥ ስንነሣ የጋብቻ ማስረጃ ተጠየቅን። በእጃችን ያለው ግን ቤተ ክርስቲያኑ የሰጠን የምስክር ወረቀትና የጋብቻ ፈቃዱ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። ትክክለኛውን ማስረጃ ከየትኛው ፍርድ ቤት እናወጣለን? ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀባይነት እንዲያገኝስ በየት በየት ማለፍ አለበት?

መልስ (ከሮክቪል)፦
እህታችን፣ በሜሪላንድ የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው ሥነ ሥርዓቱ ከሚፈጸምበት ካውንቲ ስለሆነ፣ ዛሬ የትም ብትኖሩ መዝገባችሁ የሚገኘው እዚያው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ስለሚገኝ የምትጠይቁት ሮክቪል ያለውን የካውንቲውን ሰርኪዩት ፍርድ ቤት የክለርክ ቢሮ (መዝገብ ቤቱን) ነው። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ የሠርግ ጥሪ ካርዱ ላይ «ዋሽንግተን ዲሲ» ተብሎ ይጻፍና ቤተ ክርስቲያኑ ግን ሜሪላንድ ውስጥ፣ አንዳንዴም በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ሆኖ ይገኛል። በፖስታ ለመጠየቅ በፈቃዱ ላይ የሰፈረውን የሁለታችሁን ሙሉ ስምና የጋብቻውን ቀን ጽፋችሁ፣ ለአንድ ቅጂ 5.50 ዶላርና አድራሻችሁ የተጻፈበት ቴምብር ያለው ፖስታ አያይዛችሁ ትልካላችሁ። ቅጂው ለውጭ አገር እንደሚያገለግል በግልጽ ጻፉ፤ የክለርኩ ፊርማና የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት የተረጋገጠ ቅጂ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንኑ ቅጂ በቀጥታ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ብልከው አይበቃም? ጊዜ ካጠረን ደግሞ በእጃችን ያለውን ፎቶ ኮፒ እዚህ ዳላስ በኖተሪ ብናስፈርመውስ?

መልስ (ከአሌክሳንድሪያ)፦
አይበቃም። የኖተሪውን ሐሳብም ቢተዉት ይሻላል፤ የመንግሥት መዝገብ ከመዝገቡ ባለቤት በወጣ ቅጂ እንጂ በፎቶ ኮፒ ላይ በሚያርፍ የኖተሪ ማኅተም አይረጋገጥም። ከክለርክ ቢሮ የመጣው ቅጂ መጀመሪያ አናፖሊስ ወደሚገኘው የሜሪላንድ ስቴት ሴክሬታሪ ቢሮ ይሄዳል፤ ክፍያው በሰነድ 5 ዶላር ነው። ማረጋገጫው የሚዘጋጀው ሰነዱ እንደሚሄድበት አገር ስለሆነ «ኢትዮጵያ» ብለው መጻፍዎን እንዳይዘነጉ። ለጀርመን ወይም ለእስራኤል የሚላክ ቢሆን ኖሮ አፖስቲል (በስምምነቱ አባል አገሮች ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚታወቅ ምስክር ወረቀት) ተሰጥቶት በዚያው ያበቃ ነበር፤ የእኛ ግን መንገዱ ይረዝማል። ቀጥሎ ዲኤስ-4194 የተባለውን ቅጽ ሞልተው በሰነድ 20 ዶላር ከፍለው ለፌዴራሉ ስቴት ዲፓርትመንት (ለአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ይልካሉ። ከዚያ በኋላ ነው ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን የሚያረጋግጠው፤ በመጨረሻም አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም አይቶ የራሱን ያደርግበታል። በየደረጃው የሚጨመረው ወረቀት ከቅጂው ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ፣ ስካን ለማድረግ ብለው እንኳ ስቴፕሉን እንዳይፈቱት፤ የተፈታ ሰነድ ውድቅ ሊደረግና ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ሊያስጀምር ይችላል።

መልስ (ከሲያትል)፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁን እንድታዩ እመክራለሁ። በአሜሪካ ወረቀት ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆንና የአባት ስም በመካከል ይገባል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል፤ ከጋብቻ በኋላ የባልን ስም የያዘችም አለች። የቤቱ ካርታ ግን በስም፣ በአባትና በአያት ስም የተጻፈ ነው። ልዩነት ካለ፣ ስለ እርማቱ የክለርክ ቢሮውን መጠየቅ ያለባችሁ ሰነዱ ወደ አናፖሊስ ከመሄዱ በፊት ነው፤ ሁሉም ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሚታረም ፊደል ዋጋው ብዙ ነው።

መልስ (ከአዲስ አበባ)፦
ከዚህ ወገን ያለውን ልጨምር። ውክልናውን የሰጣችሁት ሁለታችሁም ናችሁ ወይስ ባለቤትዎ ብቻ? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ የጋብቻ ማስረጃው ቢሟላም እርስዎ ያልፈረሙበት ውክልና ሽያጩን አያስኬድም። ፊርማዎ ከሌለበት፣ የጋብቻ ሰነዱ በየቢሮው እስኪዞር ድረስ መሸጥ የሚለውን ሥልጣን በግልጽ የሚጠቅስ ውክልና በኤምባሲው በኩል ጎን ለጎን ያዘጋጁ። የእንግሊዝኛው ሰነድ ወደ አማርኛ የሚተረጎመው እዚህ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ስለሆነ ለትርጉም እዚያ ገንዘብ አያውጡ።