ናይንዝ ስትሪት ላይ ሱቅ ልንከራይ ነው፤ ቅርስ ነው ይሉናል

ጤና ይስጥልን። እኔና ባለቤቴ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናይንዝ ስትሪት ላይ ዩ ስትሪት አጠገብ ትንሽ ካፌ ልንከፍት ነው። ሰፈሩ ቅርስ ስለሆነ ሚስማር እንኳ መምታት አይቻልም ይሉናል። እውነት ነው? ቅርስ ከሆነስ ኪራይ ዝም ብሎ አይጨምርብንም ማለት ነው?

—

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ሚስማሩ ተጋኗል። ዩ ስትሪትና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በታሪካዊነት ተመዝግቧል። ሕጉ የሚያየው ግን በዋናነት ውጩን ነው። መስኮት፣ በር፣ ታፔላ ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የከተማው የቅርስ ጥበቃ ቢሮም ያየዋል። ትንንሹ ሥራ እዚያው ባለሙያዎቹ ዘንድ ያልቃል፣ የቅርስ ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ትልልቁ ነው። ውስጡ የእናንተ ነው፤ ረከቦቱን የፈለጋችሁበት አስቀምጡ። ታፔላውን ግን ሳታሠሩ በፊት ንድፉን አሳዩ። ከተሰቀለ በኋላ አውርዱ ቢሏችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው።

በኪራዩ ግን አትሸወዱ። ቅርስ የተባለው ሕንፃው ነው፣ ተከራዩ አይደለም። ዲሲ ውስጥ የቤት ኪራይ ጭማሪ ላይ ገደብ አለ፣ የሱቅ ኪራይ ላይ ግን የለም። የእኛ ሰዎች ከአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ወደ ዩ ስትሪት የወረዱት አንዱ ምክንያት እኮ ኪራይ ነው! ጡቡ ይጠበቃል፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ትሄዳለች። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የተሻለ ነገር ጀምራለች፤ የቆዩ ንግዶችን ራሳቸውን ትመዘግባለች፣ ለእነሱ የአሥር ዓመት ውል የሚፈርም አከራይም ድጎማ እንዲያገኝ አድርጋለች። እናንተ እስከዚያው ውሉን ረዘም አድርጉት፣ የዓመት ጭማሪውም በቁጥር ይጻፍ። «በገበያው ዋጋ» የሚል ቃል ካለ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሙ።

—

ልጄ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። ሰፈሩ እኛ ከመምጣታችን በፊት ባለቤት ነበረው። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ነው። ዩ ስትሪት ላይ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የተመረቀውን ትሩ ሪፎርመር ሕንፃ የነደፈው ጆን ላንክፎርድ ጥቁር አርክቴክት ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ከተነሳው የ1968ቱ ረብሻ በኋላ ሰፈሩ ተጎድቶ ብዙ ዘመን ቆየ። እና በ2005 አካባቢ የእኛ ሰዎች ናይንዝ ስትሪት «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል ሲሉ ከነባሮቹ ጥቁር ነዋሪዎች ብዙዎቹ ተቆጡ። እኔ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ፈቃድ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ሰፈሩ ምክር ቤት፣ ኤኤንሲ ወደሚሉት፣ ስብሰባ ሂዱ። ለሁሉም ክፍት ነው። የእነሱ አስተያየት በታፔላውም በመጠጥ ፈቃዱም ላይ ክብደት አለው፤ ፊታችሁን ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።