የዋንዛ ታፔላ ክረምቱን እንዲችል ምን ልቀባው?

የጀበናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ትንሽ የጀበና ቡና ቤት አለችኝ። በር ላይ የምትሰቀል የዋንዛ ታፔላ አሠርቼ ነበር፣ ፊደሎቹ በመሮ የተቆፈሩ፣ ስታዩዋት የምታምር። እንጨት ቤቱ እንደ ቁም ሳጥን አብረቅርቆ ነው ያስረከበኝ። ይኸው ዓመት ሳይሞላት ቅቡ እየተላጠ ነው፣ የታችኛው ጠርዝ ጠቁሯል፣ ጫፏ ላይ ስንጥቅ ጀምሯል። ምክሩ ደግሞ አልገጠመልኝም። አንዱ ላዩ ላይ ቫርኒሽ ድገሚበት ይለኛል፣ ሌላው የተቃጠለ ዘይት ቀቢና ተገላገይ ይላል፣ አንዷ የተልባ ዘይት ትላለች። የእንጨቱ መልክ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግንቦት እየተጋመሰ ነው፣ ዝናቡ ደርሷል። ምን ላድርግ?

ጠራቢው፦
እህቴ ላዩ ላይ እንዳትደርቢ። በሚላጥ ነገር ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ከሚላጠው ጋር ነው የሚወድቀው።

የተቀባልሽ ሲለርና ላከር ይመስለኛል። እንጨት ቤቶች ለአልጋና ለቁም ሳጥን የሚረጩት እሱን ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ያበራል፣ ቤት ውስጥ ምንም አይለውም። ውጭ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ላከሩ ደግሞ ደረቅ ስለሆነ አብሮት አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባና መውጫ ያጣል። ጥቁሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ሁሉም ዝናቡን ይረግማል እንጂ ግማሹ ጥፋት የፀሐይ ነው። ጥርት ያለ ቅብ ጨረሩን ያሳልፈዋል፣ ጨረሩ ደግሞ የእንጨቱን ቃጫ አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የሚባለውን ነገር ይሰባብረዋል። ላዩ ከሞተ ቅቡ ምኑን ይዞ ይቆማል? ባህር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ እስከ እንጨቱ ድረስ ይላጥ። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሪ፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። ጣሳው ላይ ለውጭ የሚልና ጨረር የሚከላከል መሆኑ የተጻፈበት ቫርኒሽ ግዢ። የመጀመሪያውን እጅ በአኳራጅ አቅጥነሽ ቀቢ፣ እንዲሰርግ ነው። ከዚያ ሳይቀጥን ቢያንስ ሦስት እጅ፣ በየመሃሉ እየደረቀ በ240 ቀለል አድርገሽ እየፈገፈግሽ። ጀርባውም ይቀባ! ፊቱ ብቻ ተቀብቶ ጀርባው ባዶ ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ እየጠጣ ይጣመማል። የተቆረጡት ጫፎች ደግሞ ከሁሉም በላይ ውሃ የሚስቡ ናቸው፣ እነሱን አልጠጣም እስኪሉ ድረስ ደጋግመሽ አጠጪያቸው።

ጣና ዳር፦
ስለ የተቃጠለ ዘይት ልናገር። ሰው የለመደው ለአጥር ቋሚ ነው፣ መሬት ውስጥ የሚገባውን ምስጥ እንዳይበላው። ያንቺ ታፔላ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ምን ምስጥ አላት? እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ይሸታል፣ የሰው ልብስ ይነካል፣ ነገ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ምንም ቀለም አይዝልሽም። ከሞተሩ የወጣ ብረታ ብረትም አለበት፣ ቡና በሚጠጣበት በር ላይ ምን ያደርጋል።

የተልባ ዘይት መጥፎ አይደለም፣ ግን ጥሬው ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፣ እርጥበት ባለበት ደግሞ ሻጋታ ይወደዋል። ከተጠቀምሽ አንድ ነገር አደራ፦ የጠረግሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ እንዳትጥይ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው።

የጀበናዋ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ። ጨርቁን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ጥያቄ፦ ሰኔ ሳይገባ ይደርሳል? ፊደሎቹንስ ጥቁር ቀለም ልቀባቸው ብል በምን?

ቀለም በጥብጥ፦
ከጠራቢው ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በቫርኒሹ ግን አይደለም። ቫርኒሽ ሲበላሽ እየተላጠ ነው የሚበላሽ፣ እንደገና ሁሉንም መፈግፈግ ነው። እኔ ብሆን ቡናማ ቀለም ያለበትን የውጭ እንጨት ዘይት ነበር የምመርጠው፣ ቀለሙ ጨረሩን ይጋርዳል፣ መስመሩም ይታያል፣ ሲደክም ጠርገሽ አንድ እጅ መድገም ነው። ያገኘሽ እንደሆነ ነው እንግዲህ፣ ሁሉም ሱቅ አይዘውም። ካጣሽ በቫርኒሹ ቀጥዪ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ግን እያት።

ሰኔን በተመለከተ አትቸኩዪ። ጠርዙ ከጠቆረ ውስጡ ውሃ አለ፣ እርጥብ እንጨት ላይ የተቀባ ነገር ዋጋ የለውም። አውርደሽ ቤት ውስጥ አየር የሚያገኝበት አቁሚያት፣ ፀሐይ ላይ ካሰጣሻት ስንጥቁ ይብሳል። ለክረምቱ የላሜራ ታፔላ ስቀዪ፣ ጥቅምት ላይ ተረጋግተሽ ቀቢያት።

መልሰሽ ስትሰቅዪ ግድግዳው ላይ አታጣብቂያት። ከኋላ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፣ አየር ይግባ። ከላይ ከላሜራ ትንሽ ክፈፍ አውጪላት፣ ብዙውን ዝናብ እሱ ይመልሰዋል። ተራ ሚስማር ደግሞ ይዝግና ጥቁር መስመር ያወርዳል፣ የማይዝግ ብሎን ይሁን።

ፊደሎቹን በዘይት ቀለም። መጀመሪያ ታፔላዋን በሙሉ በቀጠነው ቫርኒሽ አንድ እጅ ቀቢና ይድረቅ፣ አለዚያ ጥቁሩ በእንጨቱ መስመር ሰርጎ ፊደሉ ጢም ያወጣል። ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ጉድጓዱን ሙዪ። ከጠርዝ ቢያልፍ አትጨነቂ፣ ሲደርቅ 180ውን ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለሽ ፊቱን ስትፈገፍጊው የፈሰሰው ሁሉ ይነሳል፣ ጥቁሩ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በእንጨት ዘይቱ የምትሠሪ ከሆነ ግን ቀጭኑን ቫርኒሽ የፊደሎቹን ጉድጓድ ብቻ ቀቢ፣ ቫርኒሽ የጠጣ እንጨት ዘይቱን አይጠጣም፤ ፊደሉን ጨርሰሽ ፊቱን እስከ ባዶ እንጨቱ ከፈገፈግሽ በኋላ ዘይቱን መጨረሻ ላይ ከፊደሎቹ በቀር አጠጪው። በቫርኒሽ ከሆነ የቀሩትን እጆች በላዩ ቀቢ። የ‘ጀ’ና የ‘ቡ’ ማዕዘኖች ላይ ቫርኒሹ እንዳይጠራቀም ብቻ በደረቅ ብሩሽ እየጠረግሽ።