የሚጅ ዩር የገና ዘፈን ይቀጥል ወይስ ይብቃ?

ጥያቄ፦ አልትራቮክስ የተባለው የብሪታንያ ባንድ ዘፋኝ ሚጅ ዩር ከአየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ጋር ሆኖ ለ77ቱ ድርቅ ተጎጂዎች «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚለውን ዘፈን ባንድ ኤይድ በተባለ የዘፋኞች ስብስብ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2024፣ በ40ኛ ዓመቱ፣ እንደገና ተቀናብሮ ወጣ። ይቀጥል ትላላችሁ?

ከአዲስ አበባ፦ ይብቃ! ርዕሱ ራሱ ያናድደኛል። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትና ያለበት አገር ገናን አያውቅም? ታኅሣሥ 29 ላሊበላ መጥተው ይዩ። ደግሞ ግጥሙ ስለ አፍሪካ ወንዝ አይፈስባትም ይላል። ዓባይ የት ሄዶ?

ከለንደን፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ግን ግጥሙ በአብዛኛው የጌልዶፍ ነው። ዩርን በሱ አትመዝኚው። ሰውዬው ግላስጎው አጠገብ ካምበስላንግ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1976 ስሊክ ከተባለ ባንድ ጋር በብሪታንያ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣ ነው። ከዚያ ሲንተሳይዘር በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ላይ ተጠመደ። እስቲ ከአልትራቮክስ ጋር የሠራውን «ቪየና» የሚለውን ዘፈን ስሚው። ቀዝቃዛ የከበሮ ምት ብቻውን ይጀምራል፣ ፒያኖ ይከተላል፣ መሃል ላይ ቫዮሊን መሰሉ ቫዮላ ሲገባ ሆድ ያባባል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለተኛ ደረጃ ላይ አራት ሳምንት ቆየ። የባንድ ኤይድንም ሙዚቃ ቀድሞ ቤቱ ስቱዲዮ ውስጥ አዘጋጀው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1984 ዘፋኞቹ ለንደን ኖቲንግ ሂል ሰፈር ተሰብስበው በአንድ ቀን ድምፃቸውን ቀረጹ። እሱ ግን ሲያቀናብር አደረ።

ከኮረም፦ እናቴ ያኔ እዚህ ተሰልፋ ነበር። ብርዱን እስከዛሬ ታነሳዋለች። ስንዴው በጣሳ ይሰፈር ነበር፤ ከማን እንደመጣ ግን አታውቅም። ዘፈኑን አንድ ቀን አሰማኋት። «ዜማው ደስ ይላል፣ ምን ይላል?» አለችኝ። ለመተርጎም አፈርኩ።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ የኔም ነገር እሱ ነው። ያኔ የሠሩትን አልነቅፍም፤ ሰው እየሞተ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ለኢቦላ ሲያወጡት ግጥሙን ቀይረዋል። ስለዚህ መቀየር ይቻላል ማለት ነው! ለእኛ ሲሆን ምነው ከበደ? እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤድ ሺራን እንኳ ለ2024ቱ ድምፁን ሳያስፈቅዱት እንደተጠቀሙ፣ ቢጠይቁትም እንደማይፈቅድ ተናግሯል።

ከለንደን፦ ገቢው ግን ባንድ ኤይድ ትረስት ለሚባለው የእርዳታ ድርጅት ነው የሚገባው። ዘፈኑ ከቆመ ያም ይቀራል። ይሄን አስቢበት እንጂ።

ከአዲስ አበባ፦ አስቤበታለሁ። ዜማው ይቆይ፣ ዩር ይመስገንበት። ግጥሙን ግን ለእኛ ገጣሚ ይስጡት።

ከኮረም፦ እንደዚያ ከሆነ ለእናቴ መልሼ አሰማታለሁ።