የቆየ የዴንማርክ ቲክ ቡፌን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ተገቢ ነው?

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ፣ ተንሸራታች በሮች ያሉት የዴንማርክ ቲክ (የእንጨት ዓይነት ነው) ቡፌ ከአንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን ገዝተናል። አካሉ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን ገጹ ደርቆ ወዙን አጥቷል፣ ብርጭቆ የተቀመጠባቸው ቦታዎችም ነጫጭ ክብ ምልክት አውጥተዋል። ባለቤቴ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ቫርኒሽ እንቀባው ይላል፤ እኔ ግን ልቤ አልፈቀደም። ልምዱ ያላችሁ ምን ትመክሩናላችሁ?

ምላሽ (ከኮፐንሃገን)
እባክዎ ባለቤትዎ ጥቂት ይታገሡ። የዚያ ዘመን ቡፌዎች አብዛኞቹ ሁለንተናቸው ቲክ አይደለም፤ ከታይላንድና ከበርማ የሚመጣው እንጨት ውድ ስለነበር፣ ሠሪዎቹ በጣም ስስ አድርገው ሰንጥቀው በቺፑድ ወይም በሌላ እንጨት ላይ በኮላ ይለጥፉት ነበር። ወፍራም ቲክ የሚገኘው በእግሩ፣ በጠርዙና በመያዣው ነው። የዚህ ልባስ፣ ማለትም የተለጠፈው ስስ ሽፋን፣ ውፍረት ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ በማሽን ቀርቶ በእጅ ጠንከር ተደርጎ የተፋቀ ማዕዘን ሥሩን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ለማረጋገጥ የላይኛውን ገጽ የእንጨት መስመሮች እስከ ጫፍ ድረስ ይከተሏቸው፤ ጠርዙ ላይ ተቋርጠው ሌላ ቁራጭ ከጀመረ፣ ወይም አንዱ ቅርጽ በመስተዋት እንደታየ ጎን ለጎን ከተደገመ፣ ልባስ ነው። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ፈጽሞ አልስማማም። ያን ያህል ሰፊ ገጽ በማሞቂያ በደረቀ የክረምት ቤት ውስጥ ሳይጣመምና ሳይሰነጠቅ የቆየው በዚሁ ጥበብ ነው።

ምላሽ (ከጎተንበርግ)
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ገጹ ዘይት የጠጣ ይሁን ቫርኒሽ የተቀባ አስቀድሞ መለየት አለበት። በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውኃ ያኑሩ፤ ዘይቱ የደረቀበት ቲክ ቀስ በቀስ ይመጠዋል፣ ቫርኒሽ ላይ ግን ጠብታው እንዳለ ይቆያል። ዘይት የጠጣ ከሆነ ለስላሳ ሳሙና ባለበት እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በደንብ ሲደርቅ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀቡትና ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ሁሉ ጠርገው ያንሡ፤ የቀረ ዘይት ይጣበቃል። ነጩ ምልክትም ብዙ ጊዜ በዚህ ይደበዝዛል። አደራ የምልዎ ግን ስለ ጨርቁ ነው፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨምድዶ ሲቀመጥ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና፣ ውኃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ደጅ ዘርግተው ያድርቁት።

ጠያቂዋ
ከልብ አመሰግናለሁ። መስመሩ ጎን ለጎን ይደገማል፣ ጠብታውም ተመጥጧል። እግሮቹ ወፍራም ቲክ ከሆኑ፣ እነርሱን ብቻ መፋቅ ይቻላል?

ምላሽ (ከኮፐንሃገን)
ይቻላል። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጠቀሙ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትለው በእጅ ይፈቁ፣ የቲክ ብናኝ መተንፈሻን ስለሚያስቆጣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ከዚያም እግሮቹንም ያንኑ ዘይት ይቀቧቸው።