ኩላሊት ለወንድም መስጠት፦ ከመወሰኔ በፊት ምን ላጣራ?

የመጨረሻዋ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድሜ 33 ዓመቱ ነው፤ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ላይ ነው። ንቅለ ተከላ ይሻለዋል ተብሏል። እኔ የደም ዓይነቴ ኦ ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ዓይኑን የጣለው እኔ ላይ ነው። 24 ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። እናታችን 51 ዓመቷ ነው፤ "እኔ ልስጠው" ስትል "አንቺ አርጅተሻል፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት" ብለው አፏን አስያዟት። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ግን ለራሴም ማሰቤ ራስ ወዳድነት ነው? አይዞሽ ከምትሉኝ እውነታውን ብትነግሩኝ ይሻለኛል። ምርመራው ምን ምን ነው? ምን ሊበላሽ ይችላል? እምቢ ብልስ በየት በኩል?

ባለ ነጭ ጋውን

እህቴ፣ የደም ዓይነት የመጀመሪያው ወንፊት ብቻ ነው። ኦ ለሁሉም ይሰጣል፤ ፖዘቲቭ ኔጋቲቭ የሚባለው እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም። ቀጥሎ የቲሹ ምርመራ አለ፤ የሁለታችሁ ሴሎች መለያ ምልክት ይመሳሰል እንደሆነ የሚያይ ነው። በአንድ እናትና አባት ልጆች መካከል ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ፣ ግማሽ ለግማሽ ከአራት ሁለት፣ ጭራሽ አለመግጠም ደግሞ ከአራት አንድ ነው። እናት ግን ምንጊዜም ቢያንስ ግማሹን ትገጥማለች።

ከዚያ ክሮስማች ይመጣል። የአንቺ ነጭ የደም ሴል ከእሱ ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ጋር ይቀላቀልና የእሱ ፀረ እንግዳ አካላት ሴሎችሽን ካጠቁ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ብዙ ደም የተሰጠው ሰው ላይ ይህ ይበዛል። ስለዚህ ዛሬውኑ የእጥበት ክፍሉን አናግሩ፤ የደም ማነሱ በተቻለ መጠን በኤሪትሮፖይቲን መርፌና በአይረን ይታከም፣ ደም መስጠት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ቤተሰብ ሰጪ ሲያፈላልግ ይህቺን ነገር ይረሳታል፣ በኋላ የሚገጥም ሰጪ ይጠፋል።

የአንቺን ኩላሊት በተመለከተ ዋናው የማጣሪያ አቅሙ፣ ጂኤፍአር የሚባለው ነው። በደቂቃ 90 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ፣ ከ60 በታች ከሆነ አይቻልም፣ በመሃል ያለው እንደ ዕድሜና እንደ ሌላው ውጤት ይታያል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረሶች ቢና ሲ ይመረመራሉ። በመጨረሻ የደም ሥሮቹን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ይነሳል። ሁለቱ ኩላሊቶች እኩል ካልሆኑ የተሻለው የሚቀረው ሰጪዋ ጋ ነው። እኩል ከሆኑ ደም መላሽ ሥሩ ረዘም ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው የግራው ነው።

አንድ ጥያቄ፦ የወንድምሽ ኩላሊት በምን ምክንያት ነው የደከመው? በዘር የሚወረሰው ፖሊሲስቲክ (ኩላሊት ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚያበዛው በሽታ) ከሆነ አንቺም የመያዝ ዕድልሽ ግማሽ ለግማሽ ነው። በ24 ዓመት ደግሞ ትንንሾቹን ከረጢቶች አልትራሳውንድ ሊስታቸው ይችላል።

ኔፍሮ

"ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ እሷ ትስጥ" የሚለው ስሌት ብዙ ጊዜ ተገልብጦ የተሠራ ነው። 51 ዓመት ደርሳ ግፊትም ስኳርም የሌለባት፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የማይታይባት ሴት ገላዋ በምን መንገድ እንደሚሄድ በከፊል ታውቋል። የ24 ዓመት ሰው ግን በ45 ዓመቱ ስኳር ይያዘው አይያዘው ማንም ሊናገር አይችልም።

ቁጥሩን ልስጥሽ። በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ በሰጡ በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ10,000 ሰጪ ሦስት ገደማ ናቸው። በ15 ዓመት ውስጥ የቀረው ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመባቸው ከ10,000 ሰጪ 31 ገደማ ሲሆኑ፣ ካልሰጡ ጤነኞች ውስጥ ግን 4 ገደማ ናቸው። ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የተቆጠረው 15 ዓመት ነው፣ አንቺ ፊት ያለው ከ50 ይበልጣል። እርግዝናን በሚመለከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት አለ። ከሰጡ በኋላ ባረገዙት ላይ የእርግዝና ደም ግፊት (ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን ከባዱን ዓይነት ጨምሮ) 11 በመቶ፣ ባልሰጡት ላይ 5 በመቶ ታይቷል። አብዛኞቹ ጤናማ ልጅ ወልደዋል፤ ክትትሉ ግን ከመጀመሪያው ወር ይጀምራል።

ሌላው ሰው የማያስበው፦ ከሕያው ሰው የተሰጠ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይሠራል። ወንድምሽ 50 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ሁለተኛ ሊያስፈልገው ነው። ያኔ እናታችሁ 68 ይሆናቸዋል፣ አንቺ ግን ገና 41። አሁን እናት፣ ኋላ እህት የሚለው ቅደም ተከተል ለእሱም ሊጠቅመው ይችላል።

የሰፈር ልጅ 7

ኔፍሮ፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። የእናት ኩላሊት ሥራ ሲያቆም የልጁ ሰውነት ከሱ ጋር ባልገጠመው የእናት ግማሽ ላይ ፀረ እንግዳ አካል አብጅቶ ሊቆይ ይችላል። እህት ያንኑ ግማሽ ወርሳ ከሆነ በሁለተኛው ዙር ክሮስማቹ ሊወድቅ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከገጠመችው ግን ይህ ስጋት የለም። ስለዚህ የሁለቱም የቲሹ ምርመራ አብሮ ይሠራና ቅደም ተከተሉ ከውጤቱ በኋላ ይወሰን።

መስጠትን እንደ ሞት ፍርድ የሚያዩትም ያጋንናሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ለመንትያ ወንድሙ የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው። ተቀባዩ ሪቻርድ 8 ዓመት ኖሯል።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃ የሚወስደው መድኃኒት ነው። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ። ጥቂት ቀን ከተቋረጠ ሰውነቱ ኩላሊቱን ማጥቃት ይጀምራል። የቲቢ መድኃኒት ቢጀምር እንኳ ውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን የታክሮሊመሱን መጠን ያወርደዋል። "ስጪ" የሚሉሽ ዘመዶች መድኃኒቱን በየወሩ ማን እንደሚገዛ፣ ከፋርማሲ ሲጠፋ ከየት እንደሚመጣ ይናገሩ። ለዚህ መልስ የሌለው ቤተሰብ ሰጪ መምረጥ አልነበረበትም።

ሽምግልና

እምቢ ስለማለት ጠይቀሻል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ጀምሮ ሰጪው ዘመድ ነው። የኩላሊት ሽያጭን ለመከላከል ጥሩ ነው፤ ይሉኝታው ግን እዚያው ነው ያለው። ስለዚህ ሐኪሙን ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋን ለብቻሽ ማነጋገር እንደምትፈልጊ የመጀመሪያው ቀን ላይ ተናገሪ። ወደ ማደንዘዣ እስክትገቢ ድረስ ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ። ከቀየርሽ ቡድኑ ለቤተሰብ "ለመስጠት ብቁ አይደለችም" ብቻ ብሎ ማቆም ይችላል፤ ምክንያቱ ያንቺ ምስጢር ነው። የሌለ በሽታ ግን አታስጽፊ፣ ነገ ካርድሽ ላይ ተከትሎሽ ይመጣል።

የሚበላሸው የት መሰለሽ? ውጤቱ በስልክ ለአባት ወይም ለአጎት ሲነገር። "ገጠመች" ከተባለና እልል ከተባለ በኋላ ማን እምቢ ይላል? ውጤት ለእኔ ብቻ ይነገር ብለሽ አስመዝግቢ፣ ካርዱ ላይ የራስሽን ስልክ ብቻ አስጽፊ።

ከተስማማሽም ከሁለት እስከ ሦስት ወር የቤት ኪራይሽን፣ ዕቁብሽን፣ የትራንስፖርቱን ማን እንደሚሸፍን ቀድሞ ይለይ። ያወጣሽውንና ያጣሽውን መተካት ሽያጭ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ፈቃዱ ላንቺ ሁኔታ እንዲሠራ አሠሪሽን ቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም፤ ሙሉ የውሃ ጀሪካን እንዳታስቢው።

ራስ ወዳድነት ነው ወይ ላልሽው፦ አይደለም። እናትሽ በገዛ ፈቃዷ ልስጥ ብላ ሳትመረመር ዝም መባሏ ነው የሚገርመኝ።

የመጨረሻዋ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማክሰኞ ከእናቴ ጋር አብረን እንመረመራለን። ቀድመን የምናደርገው ነገር አለ?

ባለ ነጭ ጋውን

አለ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከአሁን ጀምሮ አትውሰዱ፣ ምን ምን መድኃኒት እንደምትወስዱም ጽፋችሁ ሂዱ፤ የሐበሻ መድኃኒትም ካለ አብሮ ይጻፍ። ከዋዜማው ጀምሮ ሥጋ ይቅር፣ የኩላሊት ሥራ የሚለካበትን ክሪያቲኒን ከፍ ያደርገዋል። የወር አበባ ላይ ከሆንሽ የሽንቱን ምርመራ ለሌላ ቀን አስተላልፊው።

የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘ፦ ጠዋት የመጀመሪያውን ትደፊያለሽ፣ ሰዓቱን ትጽፊያለሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የማግስቱን በዚያው ሰዓት የሚመጣውን ጨምሮ፣ ላብራቶሪው በሰጠሽ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። አንዴ እንኳ ሽንት ቤት ከሄደ ለሠራተኛዋ ንገሪያትና ከአዲስ ይጀመር። ቤት የምትውሉበትን ቀን ምረጡ፣ ታክሲ ላይ ሆኖ አይሆንም።