መድኃኒት የተወሰደባቸው ቀናት ለምን ብሰው ይታያሉ?

ጥያቄ (የፋርማሲ ተመራቂ ተማሪ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የአለርጂ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን በየቀኑ በስልክ የሚመዘግቡበት ቅጽ ለመመረቂያ ጥናቴ እያዘጋጀሁ ነው። አርአያ ያደረግሁት እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረውን ማስክ ኤይር የተባለ መተግበሪያ ሲሆን፣ ተጠቃሚው የዕለቱን ሕመም ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መስመር ላይ በጣቱ ያመለክትና የወሰደውን መድኃኒት ከዝርዝር ይመርጣል። በ2018 በወጣ ጥናት 2,871 ተጠቃሚዎች የሞሏቸው 17,091 ቀናት ሲመረመሩ፣ መድኃኒት ያልተወሰደባቸው ቀናት የተሻሉ፣ ብዙ ዓይነት የተወሰደባቸው ደግሞ የባሱ ሆነው ተገኝተዋል። ታዲያ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው ወይስ መረጃው አይታመንም?

መልስ (በጤና ስታቲስቲክስ የምሠራ)፦ ሁለቱም አይደለም። ሰው ኪኒን የሚውጠው ሲብስበት ነው። አንድ ታማሚ ሰኞ ሕመሙ 20 ሆኖ ምንም ሳይወስድ ዋለ እንበል፤ ማክሰኞ የአበባ ብናኝ በርትቶ 70 ሲደርስበት ሴትሪዚን የተባለውን የአለርጂ ኪኒን ዋጠና ወደ 50 ወረደለት። መድኃኒቱ ረድቶታል፤ መዝገቡ ግን «ያለ መድኃኒት 20፣ በመድኃኒት 50» ይላል። ስለዚህ የተለያዩ ሰዎችን ቀናት ደባልቀው ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ጋር፣ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር እያስተያዩ፣ ወቅቱንም ከግምት አስገብተው ቢመረምሩ ይሻላል። ይህም ቢሆን ችግሩን ያቀለዋል እንጂ ጨርሶ አያስወግደውም።

መልስ (ፋርማሲስት)፦ የተባለውን በየዕለቱ አየዋለሁ። «ሳይነስ አለብኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው በአፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ (የአፍንጫን ውስጥ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ይወስድና በሦስተኛው ቀን ትንሽ ሲሻለው ወይም ለውጥ ሲያጣ ያቆመዋል፤ መድኃኒቱ ግን ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ከወር በኋላ ያንኑ ጠርሙስ ይዞ ሲመለስ ስነቀንቀው ገና ከግማሽ በላይ አለው። በዚያው መተግበሪያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2019 በወጣ ጥናትም፣ ከ1,195 ተጠቃሚዎች መካከል መድኃኒታቸውን በአግባቡ ሲወስዱ የተገኙት 136 ብቻ ነበሩ። ያውም እነዚህ በስልካቸው ለመመዝገብ የተጉት ናቸው፤ የማይመዘግበውን ሰው ሁኔታ ሳስብ ያሳስበኛል።

መልስ (በጤና ስታቲስቲክስ የምሠራ)፦ እውነት ነው፤ ሆኖም አለመመዝገብ አለመውሰድ አይደለም። ሰው ደህና ሲሆን ስልኩን መክፈት ሊረሳ ስለሚችል ባዶ ቀናትን መድኃኒት እንዳልተወሰደባቸው አድርገው አይቁጠሩ።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። «ዛሬ ምንም አልወሰድኩም» የሚል ምርጫ በቅጹ ላይ አልነበረም፤ እሱንና መድኃኒቱ የተወሰደበትን ሰዓት እጨምራለሁ።