የሰሜን ጎንደር ዞን ሕዝብና ኢኮኖሚ፦ የትኛውን አኃዝ ልያዝ?

ጥያቄ (ጀማሪ አጥኚ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሰሜን ጎንደር ዞን መልክዓ ምድር፣ ሕዝብና ኢኮኖሚ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 2,929,628 መሆኑ ተመዝግቧል፤ ዛሬ ያለው ዞን ግን ደባርቅን፣ ዳባትን፣ ጃናሞራንና በየዳን የመሳሰሉ ጥቂት ወረዳዎችን ብቻ የያዘ ስለሆነ አኃዙ አልገጥም አለኝ። ስለ ኢኮኖሚው ስጽፍስ ተራራውን እንደ ሀብት ወይስ እንደ ሸክም ልቁጠረው?

መልስ (የካርታ ወዳጅ)

አኃዙ ስሕተት የለበትም፤ የተቆጠረው ዞን ግን ዛሬ የለም። ያኔ ሰሜን ጎንደር ሲባል ከሱዳን ድንበር ከመተማ ተነሥቶ፣ የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ እስከ ተከዜ ሸለቆ የሚዘልቅ፣ ወደ 46 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ግዛት ነበር። በኋላ ለሦስት ሲከፈል ማዕከላዊ ጎንደር ጎንደርን፣ ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃን፣ ሰሜን ጎንደር ደግሞ ደባርቅን መቀመጫቸው አደረጉ። የ1999ኙን አኃዝ ለዛሬው ዞን መስጠት የአባትን ርስት በሙሉ ለአንድ ልጅ እንደ ማውረስ ነው። የየወረዳውን ቁጥር ከዚያው ቆጠራ አውጥተው ይደምሩ፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደም፣ አዲስ ተብሎ የሚቀርበው አኃዝ ሁሉ ትንበያ መሆኑን ይግለጹ። በአሮጌው ዞን በስኩዌር ኪሎ ሜትር 64 ሰው ገደማ ይኖር ነበር የሚለውንም አማካይ አይጠቀሙበት፤ ሰው የሳሳበትን የምዕራቡን ቆላ ከተጨናነቀው ደጋ ጋር ደባልቆ የተገኘ ነውና።

መልስ (የደባርቅ ልጅ)

ሀብት ወይስ ሸክም ለሚለው ጥያቄ መልሱ በከፍታው ይወሰናል። ከተከዜ ሸለቆ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በአንድ ዞን ውስጥ ማሽላና ፍየል ያለበት ቆላ፣ ጤፍ የሚዘራበት ወይና ደጋ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚበቅልበት ደጋ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ደግሞ ከገብስና ከበግ በቀር እምብዛም የማይገኝበት ውርጭ አለ። በላይኛው አገር ገደል አፋፍ ድረስ ይታረሳል፤ አፈሩም በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

መሬቱ ስለማይበቃ ብዙ ወጣት በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም በኋላ ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። ደገኛው ወባንና ካላዛርን (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) ይዞ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። በአሮጌው ዞን የመተማው ሰሊጥ፣ የድንበር ንግዱና ደጋው በአንድ መዝገብ ይጻፉ ነበር፤ ዛሬ ምርቱ በሌላ ዞን ይመዘገባል፣ ደመወዙ ግን በየዳ ላይ ጨውና ልብስ ይገዛል። ይህን ካልጠቀሱ የደገኛው ገቢ ከእውነተኛው አንሶ ይታያል።

መልስ (የበቅሎ መንገድ)

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ሆኖ፣ ፓርኩ መዘንጋቱ አልተዋጠልኝም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጣ። ለደባርቅ ሰው ትርጉሙ የአስጎብኚ፣ የምግብ አብሳይ፣ የጥበቃና የበቅሎ አከራይ የቀን ገቢ ነው፤ ኮሮናና ጦርነት ተከታትለው ጎብኚ ሲያስቀሩ የተራበውም ይህ ሰው ነው። በሌላ በኩል፣ ቅርሱ ከአደጋው መዝገብ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የነበሩትን የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ማዛወር ነበር። ገበሬ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ከተሜ ሲሆን የገቢ ምንጩ ምን እንደሆነ ማንሣት ይገባዎታል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የየወረዳውን ቁጥር ለብቻ እደምራለሁ፤ ስለ ሰሊጥ ሥራው ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ወደ ቆላ የሚወርዱት መሬት የሌላቸው ወጣቶች ብቻ ናቸው?

መልስ (የደባርቅ ልጅ)

አይደሉም። መሬት ያለውም ሰው ማሳውን ዘርቶ ለቤተሰቡ ትቶ ይወርዳል፤ ደጋው ገብስ ቶሎ ስለማይደርስ፣ ሰሊጡን አጭዶ ለገብሱ አጨዳ የሚመለስ ብዙ ነው።